መሸጥ ነው የተከለከለው

በእኛ ደሴት መንገዱ አንድ ነው። ከቤትሽ ወጥተሽ ወደ ግራ ብትነጂም ወደ ቀኝ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰሽ እዚያው ደጃፍሽ ላይ ነሽ። ናውሩ ላይ ምስጢር የማይበረክተው ለዚህ ነው። የት እንደበላሽ፣ ምን እንደበላሽ፣ ስንቴ እንደተጨመረልሽ፣ አንቺ አፍሽን ሳትጠርጊ ወሬው ደሴቲቱን ዞሮ እናትሽ ጋ ይደርሳል።

እኔ ደግሞ መብላት እወዳለሁ። አፍሬበት አላውቅም። በተለይ ውጭ መብላት፤ ሰው ሠርቶ፣ ሰው አቅርቦልኝ፣ እግሬን ዘርግቼ። በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን የቻይና ምግብ ቤቶች ዓይኔን ጨፍኜ በመጥበሻቸው ድምፅ እለያቸዋለሁ። ከሁሉም የእትዬ ፉንግ ይበልጣል። አርብ አርብ ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ጨውና ቃሪያ የተነሰነሰበት ጥብስ ዓሣ አዛለሁ፤ በአንድ ሰሃን ስምንት ቁራጭ፣ ከጎኑ የተጠበሰ ሩዝ፣ ማንም እጁን የማይሰድበት።

ችግሩ ክብደት አንሺ መሆኔ ነው። ሚዛን ላይ ስወጣ ሰባ አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ነበርኩ። ይህ ማለት በሰባ ስድስት ኪሎ ምድብ ነው የምወዳደረው፤ ሰባ ስድስት ደግሞ የሜሬ ነው። ሜሬ የእናቴ እህት ልጅ ናት፣ በእኛ ወግ እህቴ ማለት ናት። ከእኔ አሥራ አንድ ኪሎ አብልጣ ታነሳለች። ምላሴ ስለት ቢሆንም ውሸታም አይደለሁምና እናገረዋለሁ። ለፓስፊክ ደሴቶች የስፖርት ጨዋታ ደግሞ ከአንድ ምድብ የምትሄደው አንዲት ብቻ ናት። ባለሁበት ከቆየሁ የእኔ ድርሻ ሜሬን አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ መሸኘት ነው። ከስር ያለው የሰባ አንድ ኪሎ ምድብ ግን ባዶ ነበር። ማጣሪያው አሥር ሳምንት ቀርቶታል።

«ሰባ አንድ ግቢ» አሉኝ ጋሼ ኢቴ። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ አሰልጣኛችንም እሳቸው ናቸው። «አምስት ኪሎ ምን አላት? አፍሽን መዝጋት ነው።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው» አልኳቸው። «ሸሚዝዎ መቆለፍ ካቆመ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሜሬ ሳቀች። ጋሼ ኢቴ አልሳቁም።

«ባለፈው ዓመትም ሞክረሽው ነበር» አሉ። «ስንት ቀን ቻልሽ?»

ዘጠኝ ቀን። ዘጠኝ ቀን ብስኩትና የኮኮናት ውሃ፤ በዘጠነኛው ቀን የአክስቴ ልደት ደረሰና ኖዲ የምንላቸውን ጥቁር የባሕር ወፎች አሥራ አንድ በላሁ። ቆጥሬ አይደለም፤ አጥንቱን ሜሬ ቆጠረችው። በዚያው ሳምንት ከመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ።

«ያኔ ስለተራብኩ ነው» አልኩ። «መራብ አያዋጣኝም። አርቤን ተዉልኝ፣ ሌላውን ቀን እኔ አውቅበታለሁ።»

«አርብሽን?» አሉ። «አርብሽ ነው የገደለሽ።»

ከዚያ ያደረጉትን በሌላ አገር ቢያደርጉት ሰው ያብዳል። ስልካቸውን አውጥተው በመንገዱ ላይ ላሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ ደወሉ። አንድም አልቀራቸውም። «ኤይዴናን ታውቋታላችሁ፤ ረጅሟ፣ ምላሳሟ። እስከ ማጣሪያው ምግብ አትሽጡላት።» ያውም እኔ ፊት ቆመው።

የደሴቱ ሰዎች ብሽቀቴን እንኳ ለብቻዬ አልተዉልኝም። በማግስቱ ሳሙና ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ብስኩቱን ከመደርደሪያው አንስቶ ወደ ጓዳ አስገባው። ነዳጅ ማደያ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ በመኪናዋ መስኮት አንገቷን አውጥታ «በርቺ ልጄ፣ እንዳትሰርቂ» አለችኝ። በዳቦ ሌብነት የተያዝኩ እስኪመስለኝ ድረስ።

አርብ ደረሰ። ሞተሬን አስነስቼ በግትርነት ሄድኩ። የመጀመሪያው ምግብ ቤት ሳልቀመጥ እጁን አወዛወዘብኝ። ሁለተኛው በሩን ገርበብ አደረገው። እትዬ ፉንግ ጋ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ የምሳ ሰው ወጥቶ አዳራሹ ባዶ ነበር። መስኮቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እትዬ ፉንግ አጭር ናቸው፤ ክንዳቸው ግን መጥበሻ ሲወረውር የኖረ ክንድ ነው። መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«አጎትሽ ደውሏል።»

«አውቃለሁ። ሊያባርሩኝ ነው?»

«አልሸጥልሽም።»

«እሺ። የማድቤቱን ጥብስ እያሸተትኩ ልቀመጥ፤ ማሽተትም ከከለከሉ ይንገሩኝ።»

ትከሻዬን አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «መርከቡ ትናንት ገብቷል። ሃያ ከረጢት ሩዝ ውጭ አለ። ባሌ ወገቡን ታሟል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ተነሳሁና ወጣሁ። ባለ ሃያ አምስት ኪሎውን ከረጢት ሁለት ሁለቱን ትከሻዬ ላይ እየጫንኩ አሥር ጊዜ ተመላልሼ ጓዳ ደረደርኩት። የጋዙንም ሲሊንደር ቀየርኩላቸው። ስጨርስ እትዬ ፉንግ በኋላ በር በኩል ጠሩኝ። ከማድቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ስር፣ ባልየው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት ሳህን ነበር።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «መሸጥ ነው የተከለከልኩት። ይህ የሚሸጥ አይደለም። የቤቴ ምሳ ነው።»

ሳህኑን አየሁ። በእንፋሎት የበሰለ ሙሉ ዓሣ ከነጭንቅላቱ፣ ላዩ ላይ እንደ ክር የተሰነጠቀ ዝንጅብል። በነጭ ሽንኩርት ለብ ለብ የተደረገ ጎመን። ሩዙ ነጭ ነው፣ በቡና ሲኒ የሚሰፈር ያህል።

«የበሽተኛ ምግብ ነው እንዴ?» አልኩ።

ባልየው ሳቁና በቻይንኛ አንድ ነገር አሏቸው። እትዬ ፉንግ ግን አልሳቁም። «እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖርኩ መሰለሽ? አሥራ ዘጠኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ከፊት ለፊት ያለውን ጥብስ እኔ ስበላ አይተሽኛል?»

አላየኋቸውም። ደሴቱ በሙሉ ቅባቱን ከእሳቸው እየገዛ ይወፍራል፤ እሳቸው ከጀርባ ሌላ ነገር ይበላሉ። ተናድጄ ነው የመጀመሪያውን የጎረስኩት። ዓሣው ሟሟ። ዝንጅብሉ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ለስላሳ ስለሆነ በፍጥነት መዋጥ አይቻልም፤ አጥንት አለበት፤ በሹካ ሳይሆን በቻይናዎቹ ሁለት ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች እየለቀምሽ፣ እየፈለግሽ ነው። በዓሣው ጉንጭ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሥጋ ባልየው አውጥተው ለእኔ አደረጉልኝ። ስምንት ቁራጭ ጥብስ በሰባት ደቂቃ የማጠናቅቅ ሴት በዚያች ሳህን ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ስምንት መቶ ግራም ቀንሼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ሩዝ ተሸካሚ ሆንኩ። ሩዝ ባይኖር ዱቄት፤ ዱቄት ባይኖር ማቀዝቀዣውን አንስቼ ከስሩ አጸዳ ነበር። በነጻ አልበላም። በሌላው ቀን ቤት ውስጥ የምበላውን በደብተር መጻፍ ጀመርኩ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ከስልኬ እያነበብኩ ነው። እናቴ ዓሣ ስትጠብስ የእኔን ድርሻ ቀድሜ አንስቼ በእንፋሎት እሠራ ነበር። «ቤቴን ሆስፒታል አደረግሽው» ትለኛለች፤ ስሠራው ግን መጥታ ከሳህኔ ትቀምሳለች።

ጥብሱን ረሳሁት ብል ውሸት ነው። በማድቤቱ በኩል ሳልፍ ዓሣው ዘይቱ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ያስቆመኛል። ስለዚህ ከእትዬ ፉንግ ጋር ተደራደርን፤ ከረጢቱን ስጨርስ አንድ ቁራጭ። አንድ። ቆሜ፣ በእጄ፣ ትኩሱን፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጠረጴዛው የምሄደው።

ሞተሬ ግን በየአርቡ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ትታያለች። መንገዱ አንድ ነው ብያለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ጋሼ ኢቴ በኋላ በር በኩል ገቡ፤ ሜሬ ከኋላቸው። የዓሣ ጭንቅላት በእጄ ይዤ ነበር።

«እንዲህ ነው ነገሩ» አሉ። ፊታቸው ቀልቷል። «ሰዉ ሲነግረኝ አላምንም ብዬ ነበር። እትዬ ፉንግ፣ አደራ አላልኩም?»

«አልሸጥኩም» አሉ እትዬ ፉንግ ሳይነሱ። «ሩዝ ታወርድልኛለች፣ ከእኛ ጋር ትበላለች። መሸጥ ነው የከለከልከኝ።»

«ቃል ታጣምሚብኛለሽ?»

«ቃሉ ያንተ ነው።»

ሜሬ ወደ ሳህኔ ጎንበስ ብላ አየች። «ምንድን ነው ይሄ? ለድመት የሚሰጥ ነው እኮ።»

«ድመቷ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ቀንሳለች» አልኳት። «አንቺስ?»

ጋሼ ኢቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሚዛኑን አየሁት፤ አልካድኩም። ግን የምትቀንሺው እኔ ስለከለከልኩሽ እንጂ በዚህ አይደለም። እዚህ የምትበዪውን ብትተዪ ይህን ጊዜ ጨርሰሽ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትምጪ። አሰልጣኝሽ ነኝ።»

አሰልጣኜም አጎቴም ናቸው። የዓሣውን ጭንቅላት አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ታዘዝኩ። የመጀመሪያው አርብ በረሃብ አለፈ። በሁለተኛው ቅዳሜ ብረቱን ከመሬት ወደ ደረቴ ሳነሳ፣ ሁልጊዜ የማነሳውን ዘጠና ኪሎ፣ እጄ ከዳኝ፤ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ወደቀ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት የእናቴን ጣፋጭ ወተት ቆርቆሮ ከፍቼ በማንኪያ ጨረስኩት። ሁለት ቆርቆሮ። እያለቀስኩ አይደለም፤ ተረጋግቼ ነው የጨረስኩት። ሚዛኑ ሰባት መቶ ግራም መለሰልኝ። ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶ ሰባ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ጋሼ ኢቴ ጋ ሄድኩ። ከፊታቸው ዘረጋሁት።

«ስድስት ሳምንት ፉንግ ቤት በልቼ የሆነው ይኸው። ሁለት ሳምንት እርስዎን ታዝዤ የሆነው ይኸው። ወተቱንም ጽፌዋለሁ፤ አልደበቅኩም። አርብ እሄዳለሁ። ካልወደዱት ከማጣሪያው ስሜን ይሰርዙት፤ ሌላ ሰው ስለሌለዎት ግን የሚሰርዙ አይመስለኝም።»

ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጡት። ጣታቸውን ወተቱ ላይ አሳረፉ።

«ሁለት ቆርቆሮ?»

«ሁለት።»

«አንቺ ልጅ ሆድሽ ነው ወይስ ምላስሽ የሚብሰው?» አሉና ደብተሩን መለሱልኝ። አይሆንም አላሉም።

የማጣሪያው ዕለት ሚዛኑ ላይ ለመውጣት የተሰጠን አንድ ሰዓት ነው፤ በዚያ ውስጥ የፈለግሽውን ያህል ጊዜ መመለስ ትችያለሽ። የመጀመሪያውን ስወጣ ሰባ አንድ ከሁለት መቶ አለ። ሁለት መቶ ግራም፤ የሁለት ቁራጭ ጥብስ ዓሣ ክብደት አይሞላም። የትላንት አርቧን ቁራጭ አስታወስኩ። ጋሼ ኢቴም አስታወሱ፤ ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ሜሬ» አልኩ። «ያንን ወፍራም ሹራብሽን አምጪ።»

በጠዋቱ ፀሐይ፣ ሹራብ ለብሼ፣ አዳራሹን ስዞር ሜሬ አብራኝ ሮጠች። የእሷ ምድብ ከሰዓት ነበር፤ መሮጥ አያስፈልጋትም። «ፍጠኚ ድመት» ትለኛለች ከጎኔ። «ፍጠኚ፣ ጅራትሽን ነው የማየው።» ምራቄን እየተፋሁ፣ እየተሳደብኩ ሮጥኩ። ሚዛኑ ሊዘጋ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ተመልሼ ወጣሁ። ሰባ ከዘጠኝ መቶ ሃምሳ።

ለውድድሩ ሁለት ሰዓት ቀርቷል። እትዬ ፉንግ በር ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ክዳን ያለው ድስት ይዘዋል። ምግብ ቤታቸውን በሥራ ሰዓት ዘግተው ሲመጡ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ኢቴ ድስቱን ተቀብለው ከፈቱት። ሩዝና ዓሣ።

«ሸጥሽላት?» አሉ።

«የምታወርድልኝ ከረጢት አለ» አሉ እትዬ ፉንግ። «ማክሰኞ መርከብ ይገባል።»

በአንድ ጊዜ ከመሬት ከራስ በላይ በሚወጣው ሰባ ስምንት አነሳሁ። ደረት ላይ አርፎ በሚገፋው ዘጠና አራት፣ ከዚያ ዘጠና ሰባት ሞክሬ ጣልኩት። ለማለፍ ሁለቱ ተደምረው መቶ ሰባ አምስት ያስፈልግ ነበርና በመጨረሻው ሙከራ ያንኑ ዘጠና ሰባት ደግሜ ጫንኩ። ደረቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ጨለመ። ከዚያ የመጀመሪያው አርብ ትዝ አለኝ፤ ሁለት ከረጢት በአንዴ፣ አሥር ምልልስ። ገፋሁት። ዳኛው «አውርጂ» እስኪል ድረስ ጉልበቴ አልተንቀሳቀሰም።

ጨዋታው አምስት ሳምንት ይቀረዋል፤ እስከዚያ ሰባ አንድ ላይ መቆየት አለብኝ። ጋሼ ኢቴ ሰኞ ዕለት ደውለው ክልከላውን አነሱ። በሚቀጥለው አርብ በፊት ለፊት በር ገባሁ፣ መስኮቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ጥብስ ዓሣ አዘዝኩ። ስምንት ቁራጭ መጣ። መኪኖች ሲያልፉ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ስንት እንደምበላ ይቁጠሩ። አንዱን በላሁ። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ በላሁ። ስድስቱን በወረቀት ጠቅልዬ ጣቴን እየላስኩ ተነሳሁና ወደ ኋላ በር ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛው ሳህን ተቀምጦ ነበር።

ስድስቱን ለሜሬ ወሰድኩላት። የሰባ ስድስት ኪሎ ምድብ አይደለች እንዴ፤ ትብላ።