ተተኪዋ

"እጅሽን ሰብስቢ!"

ነባሯ ሠራተኛ፣ "ብረቷ" የሚሏት፣ ለልምምድ የመጣችውን ተማሪ እጅ ከማሽኑ መቆጣጠሪያ ላይ መንጭቃ አነሳችው። ጠርሙስ የሚያመርተው ማሽን ጆሮ እስኪደነቁር ይጮኻል፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል።

"እትዬ፣ ሙቀቱን ለምን እንደቀነሱት ብቻ ይንገሩኝ።"

"ዩኒቨርሲቲ አልነገሩሽም? እዚያው ሄደሽ ጠይቂ።"

ሠራተኞቹ "ብረቷ" የሚሏት ያለ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካው "ተማሪዎችን ለሥራ እናዘጋጅ" ብለው ከተፈራረሙ ወዲህ፣ ተለማማጅ በመጣ ቁጥር አንድ ነባር ሠራተኛ ይሸኛል፤ በቦታውም ተመራቂው ባነሰ ደመወዝ ይገባል። ባለፈው ዓመት የተሸኘችው የብረቷ የገዛ እህት ነበረች፤ ያውም የተካቻትን ልጅ ራሷ እጇን ይዛ አስተምራ። ተማሪዋ ይህን የሰማችው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ብታዝንም ንዴቷ አልበረደላትም። ከመጣች ጀምሮ ወለል ከመጥረግና ከመሰደብ በቀር ያተረፈችው ነገር የለም። እናቷ ደግሞ "ልጄ ፋብሪካ ገባችልኝ" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁና የዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትለው ገቡ። አስተባባሪው ተማሪዋን ትከሻዋን ይዞ ወደ ፊት ገፋ አደረጋት።

"የክፍሏ አንደኛ ናት" አለ።

"እንዲህ ዓይነቷን ነው የምንፈልገው" አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያም ብረቷ አጠገባቸው እንዳልቆመች ሁሉ፣ "ስትመረቂ ይህ ማሽን ያንቺ ነው። ለመሆኑ በደንብ አስተምራሻለች?" አላት ተማሪዋን።

ብረቷ ጨርቅ አንስታ ንጹሑን ብረት መወልወል ጀመረች። ቀና አላለችም።

ተማሪዋ መልሱን በልቧ መዘነችው። "አዎ" ብትል ሴትዮዋ ከዛሬ ጀምሮ ትርፍ ናት። "አላስተማረችኝም" ብትል ደግሞ ሰውዬው እሷን የሚያባርርበት ሰበብ ፈልጎ ነው የመጣው። ሁለተኛው እውነት ነበር። ልትለውም ከጅሏት ነበር፤ ብትለው ደስ እንደሚላትም ታውቃለች።

"አስተምረውኛል" አለች። "ያልገባኝ እኔ ነኝ። ብቻዬን ልይዘው አልችልም።"

የሥራ አስኪያጁ ፊት ቅጭም አለ። "አንደኛ ናት አላሉኝም?" አለው አስተባባሪውን፤ መልሱን ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ማሽን አለፈ። ካሜራ የያዘውም ተከተለው።

አስተባባሪው ወደ ኋላ ቀርቶ ጥርሱን ነከሰ። "አዋረድሽኝ! ስንቱን ለምኜ ነው ያስገባሁሽ? ቱታሽን አውልቂና መኪናው ውስጥ ጠብቂኝ። ሌላ ፋብሪካ ትመደቢያለሽ።"

ዘወር ሲልላቸው ብረቷ ጨርቁን ወረወረችው።

"ማን አማልጂኝ አለሽ?"

"ማንም።"

"ምስጋና እንዳትጠብቂ።"

"አልጠበቅሁም። እርስዎን ወድጄም አይደለም።"

ብረቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ግን አልለዘበም። "እንግዲያው ምን ይገትርሻል? ሂጂ፤ መኪናሽ ይጠብቅሻል።"

ተማሪዋ በመስኮቱ አሻግራ አየች። መኪናው በሩን ከፍቶ ቆሟል። ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ማሽን፣ ከማሽኑ ጎን በእሷ ምክንያት የምትሸኝ ሌላ ሴት። የቱታዋን እጅጌ ጠቅለል አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ ከማሽኑ አፍ የሚወድቁትን ጠርሙሶች እየለቀመች ሳጥኑ ውስጥ መደርደር ጀመረች።

ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ደጋግሞ ጮኸ። ዞር እንኳ አላለችም።