መዳብ ላይ ያለው ሰይፈኛ

የናንሲ ከተማ ቀራጮች ሁሉ ወታደር ፈርተው አበባና መላእክት በሚቀርጹበት ዓመት፣ ኢዛቦ የወንድሟን የኮላን ሞት መዳብ ላይ ቀረጸች። እሰይ የኔ አንበሳ! ወታደሮቹ የነኢዛቦን መንደር ሲያቃጥሉ ኮላን በሰይፍ የጣለው ሻምበል ሩቪል ነው። ግራኝነቱን አገር ያውቀዋል። እናቷ በዓይኗ ያየችውን ለዳኛ ብትናገር፣ «ኀዘን ጭንቅላቷን አዙሮታል» ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲያ ለኮላ የቀረለት ምስክር ያ ሥዕል ብቻ ነበር።

ወሬው ሻምበሉ ጆሮ ደረሰ፤ እሱም አንድ ጧት የኢዛቦን በር በርግዶ ገባ።

«አንቺ! እኔን ሣለች አሉኝ። አምጪው! እኔ ከሆንኩ መዳቡንም ጣቶችሽንም አብሬ ነው የማስፍቀው።»

ኢዛቦ መዳቡን ሰጠችው። በመርፌ ተጭሮ፣ በአሲድ ተበልቶ ያለቀ ነው፤ የቀረው ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ መታተም ብቻ ነው። የሰይፈኛውን ፊት ባርኔጣ ጋርዶታል። ሻምበሉ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ሰይፉ ያለው በቀኝ እጅ ነው።

ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄማ እኔ አይደለሁም! እኔ በቀኝ እጄ እንኳን ሰው ዳቦም ቆርጬ አላውቅ።»

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ይታተም ብለው ይፈርሙልኛ።»

ፈረመላት።

ማተሚያ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ! መዳብ ላይ ቀኝ የሆነው ሁሉ ወረቀት ላይ ግራ ነው። ኢዛቦ እርጥቡን ወረቀት ከመጭመቂያው ስትልጠው፣ ሰይፉ ግራ እጁ ላይ ቁጭ ብሏል። ኮራች፤ ደረቷን ነፋች። ማንስ ቢሆን!

ቅዳሜ ገበያው ሥዕሉን ከቦ ሲንሾካሾክ ሻምበሉ ሰዉን እየገፈተረ ደረሰ። አንዱን ወረቀት መንጭቆ ጮኸ።

«አታለልሽኝ! ፋቂው! ይሄ እኮ...»

«ይሄ እኮ ማን ጌታዬ?» አለች ኢዛቦ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እኔ ስም አልጻፍኩበት። አይተው የፈረሙትም እርስዎ ነዎት። ‹እኔ ነኝ› ይበሉ፣ እዚሁ ሰው ፊት፣ አሁኑኑ እፍቀዋለሁ።»

ሻምበሉ ዙሪያውን አየና ግራ እጁን ከጀርባው ደበቀ።

እናቷ ሰዉን ሰንጥቃ ገባችና ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። ጣቷን የወደቀው ሰው ላይ አሳረፈች።

«እርስዎ ካፈሩ እኔ ልናገር» አለች። «ይሄ የኔ ልጅ ነው። ኮላ ይባላል።»