ኃላፊው «ደረስን» ካሉ በኋላ

በቦንጋ የጎፔን ፏፏቴ የማያወድስ ሰው የለም፤ ያየው ግን በጣት ይቆጠራል። ፈረንጅ ያየዋል፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ካሜራ አንጠልጥሎ የሚመጣ ወጣት ያየዋል፤ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬም ጠዋት ማታ ያየዋል። የከተማው ሰው የሚያየው ግድግዳ ላይ ነው። በየሆቴሉና በየቢሮው የተሰቀለ ፎቶ እያለ ማን ሞኝ ነው ሦስት ሰዓት ሙሉ ከጭቃና ከአልቅት ጋር የሚታገለው? ሌላው ይቅርና፣ ይህንኑ ፏፏቴ ለማስጎብኘት ተብሎ የተቋቋመው የደን ፓርኩ የጉብኝት ልማት ጽሕፈት ቤት እንኳ በአምስት ዓመት ዕድሜው ቦታውን የረገጠ አንድም ቋሚ ሠራተኛ አልነበረውም። ቦታውን አብጠርጥራ የምታውቅ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ አልነበረችም።

ብርቅዬ ትባላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ «በጎ ፈቃደኛ» ተብላ ሪፖርት ትጽፋለች፣ ስብሰባ ሲኖር ወንበር ትደረድራለች፣ የኃላፊውን ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች። ፈቃዷን የጠየቃት ሰው ባይኖርም በጎነቷን ግን ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ ይመሰክርላታል። በቱሪዝም የተቀበለችው ዲግሪ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል። ዕድሜዋ ሠላሳን ነክቷል፤ የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ።

አባቷ አቶ አብርሃም ከፏፏቴው አፋፍ ላይ ባለች መንደር ንብ ያነባሉ። እንግዳ ሲመጣ ቀፏቸውን ትተው መንገድ ይመራሉ፤ ሲመልሱም ማር አቅምሰው ይሸኛሉ። ብርቅዬን ገና እግሯ ሳይጠና በትከሻቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን አውርደው፣ የውኃው ርጭት ፊቷን ሲመታት እየጮኸች ስትስቅ አብረዋት የሳቁ እሳቸው ናቸው። የጎፔን መንገድ ዓይኗን ብትታሰርም አትስተውም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ታላቅ የእግር ጉዞ አዘጋጀ። ዓላማው ፏፏቴውን ማስተዋወቅና ሥሩ ላይ ታፔላ መትከል ነበር። ኃላፊው አቶ ሀብተሥላሴ ብርቅዬን ቢሯቸው ጠርተው፣ «ይኼ ፕሮግራም ያለ ምንም ኮሽታ ካለቀ ደብዳቤሽን እዚያው ፏፏቴው ሥር እፈርምልሻለሁ» አሏት። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶት በሰው ሀብት ኃላፊዋ በእትዬ ወርቅአፈራሁ የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ገባ። ብርቅዬ ያን ማኅደር ከዚያ ወዲያ ከዓይኗ አላጠፋችውም።

ለሁለት ሰዓት የተቀጠረው ጉዞ አራት ተኩል ላይ ተነሣ። ሠላሳ ስምንት ሰው፣ ሠላሳ ስምንት ነጭ ቲሸርት፤ በእያንዳንዱ ደረት ላይ የጎፔ ፏፏቴ ሙሉ ቁመናው ታትሞበታል። ከኋላ አቶ አብርሃምና ሦስት የመንደራቸው ሰዎች ከባዱን የብረት ታፔላ ተሸክመው ይከተላሉ። ለኃላፊው መቀመጫ አንድ የፕላስቲክ ወንበርም ነበር፤ ወንበሩም ተሸካሚ ነበረው።

የጫካ መንገድ እንደምታውቁት አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው። በጽሕፈት ቤቱ ፕሮቶኮል ደግሞ ከኃላፊ ፊት መቅደም በኮሪደርም ሆነ በጫካ ነውር ነው። ስለዚህ አቶ ሀብተሥላሴ ፊት ሆኑ፤ ምክትላቸው አቶ ኃይለሚካኤል ሁለተኛ፤ እትዬ ወርቅአፈራሁ ከነማኅደራቸው ሦስተኛ። መንገድ መሪዋ ብርቅዬ አራተኛ ሆና ትመራ ነበር። ከኃላፊው ፊት እንዲቀድም የተፈቀደለት የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ማዕረግ ብቻ ነው፤ እሱም ኃላፊውን በቪዲዮ እየቀረጸ ስለነበር የሚሄደው ወደኋላው ነው። በዚህ ዓይነት ያ ሁሉ ሕዝብ መንገዱን በጀርባው በሚያይ ሰው ተመርቶ ጫካ ገባ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሄዱ ከአንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ሥር መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የግራው ቁልቁል ወርዶ፣ ገደል ዞሮ፣ ጎፔ ያደርሳል። የቀኙ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ የሚያደርሰውም አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጓሮ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ወደ ግራ ቁልቁለቱን አዩ፤ ጉልበታቸውን ዳሰሱ፤ ስለ ኢኮ ቱሪዝም የጀመሩትን ንግግር ሳያቋርጡ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

«ክቡር ኃላፊ…» ብላ ጀመረች ብርቅዬ።

እትዬ ወርቅአፈራሁ ክርኗን ቆንጠጥ አደረጓት። «ልጄ፣ ሰውዬው እየተናገሩ እኮ ነው!»

ከኋላ የአባቷ ድምፅ በካፊኖኖ መጣ። «ብርቅዬ፣ መንገዱ ወዲህ ነው!»

«ዝም በል አባባ» አለች እሷም በዚያው ቋንቋ። «ትንሽ ሄደው ይመለሳሉ።»

አልተመለሱም። ሃያ ደቂቃ በሜዳው ከተንሸራሸሩ በኋላ ሁለት ሰው ቢደራረብ ከማይበልጥ ግንብ ላይ አረፋ የደፈቀ ውኃ ሲወርድ አዩ። ማጠቢያው ከላይ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተደብቋል። አቶ ሀብተሥላሴ ቆሙ። ላባቸውን ጠረጉ። ወንበሩን በእጃቸው ጠሩና ተቀመጡ።

«ደረስን!» አሉ።

ጭብጨባው ጫካውን አናወጠው። አለቃ ደረስን ካለ መቼም ተደርሷል፤ ያልደረሰው ፏፏቴው ነው። ሠላሳ ስምንቱም ስልካቸውን አወጡ። የቡናው ገለፈት ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ እነሱ ግን ደረታቸውን ነፍተው «አቤት ንጹሕ አየር!» ይባባላሉ። ተፈጥሮ ሲሚንቶ ከየት አመጣች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ የነዚህ ግን የባሰ ነው፤ አባይን ደረታቸው ላይ ለብሰው ነው የማጠቢያ እጣቢ የሚያመሰግኑት።

አንድ ከፋይናንስ ክፍል የመጣ የዋህ ቲሸርቱን ወደ ታች፣ ውኃውን ወደ ላይ አየና፣ «ፎቶው ላይ ከፍ ያለ ይመስላል» አለ።

«ፎቶው የክረምት ነው» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

በዚህ መሃል ከወደ ግራ፣ ከሩቅ ቁልቁለት፣ እውነተኛው ጎፔ ያስገመግማል። ሁሉም ሰማው። «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ሲባል እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ «ወፍጮ ይሆናል» ብለው ወደ ሰማይ ቀና አሉ። የእትዬ ወርቅአፈራሁ አማት እዚያው ማጠቢያ እሸት ቡና ያስረክባሉ፤ እሳቸውም ስፍራውን ከቤታቸው ጓዳ ባልተናነሰ ያውቁታል። ሌሎችም ሦስት አራት የሚያውቁ ነበሩ። እርስ በርስ ተያዩ። ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን ተባባሉ፤ ያውም በዓይን ብቻ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ በሜጋፎን፣ «ስለዚህ ድንቅ ፖቴንሻል ባለሙያችን ብርቅዬ ማብራሪያ ትሰጠናለች። ወርቄ፣ እስኪ ያቺን ማኅደር አምጪልኝ።»

ማኅደሩ ተከፈተ። ብርቅዬ ሰማያዊውን ማኅተም ከሩቅ አየችው። ሦስት ዓመት ወንበር ስትደረድር ያልመጣ ማኅተም ነው። ኃላፊው እስክሪብቷቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ከሰዉ ኋላ አባቷ ታፔላውን መሬት አስደግፈው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ትናገር ዘንድ ዓይን ዓይኗን ያዩአታል። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። እንደውም ፈገግ ብለዋል፤ ልጃቸው አሁን እውነቱን ነግራ ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ወደ ትክክለኛው መንገድ ልትመልሰው እንደሆነ አልተጠራጠሩም።

«ይህ…» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይህ የምታዩት… የጎፔ ፏፏቴ ነው።»

የቀረው ቀላል ነበር። የመጀመሪያው ውሸት ነው ዳገት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ለሜዳ ነው። ስለ ውኃው ምንጭ ተናገረች፤ ስለ ወፎቹ ተናገረች፤ አረፋው በማዕድን የበለጸገ በመሆኑ ነው አለች። ይህን የመጨረሻውን ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ ከራሷ ጨምራ ነው። ስትጨርስ ተጨበጨበላት፤ ደብዳቤውም ተፈረመ። ደስታው እንደሚመጣ ጠብቃ ቆመች፤ የመጣው ግን ኀፍረት ነበር፤ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

«አባባ፣ ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጉት፣ ነፋስ እንዳይጥለው» አሉ ኃላፊው ለአቶ አብርሃም። አቶ አብርሃም ጠለቅ አድርገው ቆፈሩ። «እንኳን ወደ ጎፔ ፏፏቴ በሰላም መጡ» የሚለውን ታፔላ በድንጋይ አጽንተው ተከሉት። እጃቸውን አራግፈው በልጃቸው አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ «አማርኛሽ አምሮብሻል» አሏት። ከዚያ ወደ ጎፔ የሚወስደውን ቁልቁለት ይዘው ወረዱ።

ብርቅዬ እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበራት፤ ካኪ ሸሚዝ፣ ፊሽካና አንድ ጥራዝ ቅጽም ተሰጣት። የምትውለው ታፔላው ሥር ነው። ሰው አልቀረም፤ ታፔላ የማይጠራው የለም። እንግዶች መጥተው ውኃውን አንዴ፣ እሷን አንዴ ያዩና «ይኼ ነው?» ይሏታል። «ይኼው ነው» ትላቸዋለች። አንዳንዱ ስልኩን ከፍቶ ካርታ ያያል፤ የሩቁን ድምፅ ያዳምጣል፤ ከዚያ መንደር ገብቶ አቶ አብርሃምን ይጠይቃል። እሳቸውም እንደ ድሯቸው ቀፏቸውን ትተው ይመሩታል።

ይህ ወሬ ጽሕፈት ቤቱ ደረሰ። ጽሕፈት ቤቱም ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል አልዘገየም፤ መመሪያ አወጣ። እውቅና ወዳልተሰጠው ስፍራ እንግዳ የሚወስድ ሰው ሁሉ ሕገወጥ አስጎብኚ ነው፤ ተመዝግቦ ይጠየቃል።

ጥር ላይ የቡና ማጠቡ ሥራ አለቀ፤ ፏፏቴውም ዓመታዊ እረፍት ወጣ። ደረቅ ሲሚንቶ ቀረ፤ ላዩ ላይ የዝንብ መንጋ። ብርቅዬ ለእንግዶች «ውኃው ለጊዜው በጥገና ላይ ነው» እንድትል ታዘዘች፤ እሷም አለች።

ከዚያው ወር በአንዱ ቅዳሜ አቶ ኃይለሚካኤል ለቁጥጥር መጡ። የብርቅዬን የሙከራ ጊዜ ውጤት የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ከታፔላው ሥር ቆመው ጥላውን እያመሰገኑ ሳለ፣ በቀረሮው በኩል አቶ አብርሃም ከጅማ የመጡ አምስት ወጣቶችን አስከትለው ብቅ አሉ። ወጣቶቹ ከራስ እስከ እግራቸው ርሰዋል፤ ይስቃሉ፤ እርስ በርስ ፎቶ ይቀባበላሉ። አንዷ ታፔላውን አንብባ፣ ደረቁን ግንብ አይታ፣ ሳቋ ጨመረ።

«እኒህ ሰውዬ ናቸው?» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

ብርቅዬ አንገቷ ላይ ያለውን ፊሽካ በጣቷ አዟዟረች።

«መዝግቢያቸዋ! መመሪያው ለማን ነው የወጣው?»

አባቷ መጥተው ፊቷ ቆሙ። ሸሚዛቸው ከርጭቱ ገና አልደረቀም። ምናልባት ዛሬ አይመጡም ብላ ጠዋት ጸልያ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቶሎ እንዲቆጡና እንዲሰድቧት ጸለየች፤ ይቀላት ነበርና። እሳቸው ግን ቆባቸውን አውልቀው፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ጠበቋት። ከአቶ ኃይለሚካኤል ብብት ሥር የተሸጎጠውን የውጤት ፎርም አየች። ጥራዟን ከፈተች።

«ስም?» አለች በአማርኛ።

«አብርሃም።»

«የአባት ስም?»

«አዲሱ።» ይህንንም እንደማታውቀው ቀስ ብለው፣ ፊደል ፊደሉን ለይተው ነገሯት። በሕፃንነቷ በጉልበታቸው ላይ ያጫወቷትን አያቷን አዲሱን ጻፈች።

«የጥፋት ዓይነት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። አቶ ኃይለሚካኤል በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው፣ «በአጭሩ ጻፊው» አሉ። በአጭሩ ጻፈችው፦ «ለእንግዶች ፏፏቴ ማሳየት»።

አቶ ኃይለሚካኤል አነበቡት፤ አሰቡበት፤ ስህተት አላገኙበትም።

አቶ አብርሃም ከታች ጣታቸውን እርጥብ እርጥቡን አሳርፈው ፈረሙ። አንድ መስመር ብቻ ቀረ፤ የመዝጋቢዋ ሙሉ ስም። ብርቅዬ ብላ ጻፈችና እስክሪብቶው አልሄድ አላት። ወረቀቱ ዓይኗ ላይ ደበዘዘባት። ወጣቶቹም መሳቅ ትተዋል።

አባቷ በካፊኖኖ፣ በዚያ መንገድ በሚያሳዩበት ለስላሳ ድምፃቸው፣ «ምን ያስጨንቅሻል?» አሏት። «የአባትሽ ስም ከላይ ተጽፏል። እያየሽ ገልብጪው።»

ቀና ብላ ስሙን አየችው፤ ከዚያም ገለበጠችው።