የተደለደለው ግቢ

"ወንበሩ እንዳይንጋደድ ብዬ አንድ መኪና አፈር ደፋሁበት፤ አሁን ደልደል አለ" አለ የላይኛው ግቢ ጎረቤት፣ ባለገልባጭ መኪናው፣ መሬቱን በጫማው እየረገጠ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች መረቁት። የሟቹ ልጅ ግን የሚረግጠውን ቦታ አየች። ቦዩ ነበር። አባቷ ክረምት በመጣ ቁጥር ሲቆፍረው የኖረው፣ በመጨረሻም አካፋውን እንደያዘ የወደቀበት።

"ጋሼ፣ ቦዩን እኮ ደፈኑት።"

"ለቅሶው ይለፍ እንጂ በእጄ እከፍተዋለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"ሰማዩን አይተውታል?"

አክስቷ ክንዷን ቆንጥጣ ወደ ቤት ጎተተቻት። "በአባትሽ ለቅሶ ስለ ቦይ ትከራከሪያለሽ? ድንኳኑን የተከለው እሱ፣ ሬሳ የተሸከመው እሱ። ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ያለውን ይበል። ውሃው የሚመጣው እናቴ ፍራሽ ላይ ነው።"

እናትየው ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች።

አባትየው ልብስ ሰፊ ነበር። ባለገልባጩ ጎረቤት ከየግንባታው የተረፈውን አፈር እያመላለሰ የላይኛውን ግቢ ከፍ ያደረገ ጊዜ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ሄዶ ለካው። "አንድ የረጅም ሰው ሱሪ፣ ከነእጥፋቱ" አለ ሲመለስ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ግቢውን የሚደለድል ሰው ውሃውን ወደ መንገዱ ቦይ እንጂ ወደ ጎረቤቱ አያዞርም። በበጋ ማዘጋጃ ቤት ሲሄድ "ውሃው ሲወርድ እናየዋለን" አሉት። በክረምት ሲሄድ "ጭቃ ላይ ተዳፋት አይለካም፣ ሲደርቅ ይምጡ" አሉት።

"ለምን አትጣላውም?" ትለው ነበር ሚስቱ።

"በምን ልጣላው? በጠዋት ቀድሞኝ ሰላም ይላል። ውሃና እሱ እያሳሳቁ ነው የሚወስዱት።"

ውሃው ቤት ሲገባ አባትየው መጀመሪያ የሚያነሳው የልጅቷን ጫማ ነበር። "ቤትስ ይደርቃል፤ በእርጥብ ጫማ ግን ትምህርት ቤት አይኬድም" እያለ ከስፌት መኪናው ላይ ይሰቅለዋል።

ነጎድጓድ ሲሰማ ልጅቷ በጓሮ ዞራ አካፋውን ፈለገች። የለም። መቃብር ሊቆፈርበት ሄዶ በዚያው ቀርቷል። ከማጀት የብረት ትሪ አንስታ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፣ ወንበሮቹን ገፋ ገፋ አድርጋ ተንበረከከችና አፈሩን መዛቅ ጀመረች።

"ውይ፣ አባቷን ልታወጣ ነው" አለች አንዲት ሴት፣ እያለቀሰች።

"ቦዩን ነው የምከፍተው" አለች ልጅቷ።

የሰማት የለም። ወንዶቹ ብብቷን ይዘው አነሷት። ትሪውን ከእጇ የወሰደው ባለገልባጩ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የእውነቱን ነው። "አልቅሺ፣ ልጄ። ይውጣልሽ። አፈሩ ምን አደረገሽ?"

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የላይኛው ግቢ ያጠራቀመውን ለቀቀው፤ ውሃው የተደለደለውን አፈር አጥቦ፣ በወንበሮቹ እግር መሃል አልፎ ደጃፉን ዘለቀ። ለቀስተኞቹ ቀሚስና ሱሪያቸውን ሰብስበው ተነሱ። "ምን ይደረግ፣ የሰማይ ነገር ነው" አለ አንዱ። እናትየው እግሯን ፍራሹ ላይ አጠፈች። ፍራሹ ከስር እየጠቆረ መጣ። ልጅቷ አየችው፤ ማንንም አልጠራችም።

በሩ ስር፣ እስካሁን ማንም ያላነሳው የአባቷ ጫማ ነበር፤ ቦዩ ውስጥ የወደቀ ቀን የያዘው ጭቃ ደርቆበታል። ውሃው ሳይደርስበት አነሳችው። ጭቃውን አላራገፈችም። ከስፌት መኪናው ላይ ሰቀለችው።