ዝሆን ይጥላል

የፈረስ ግንባር ግን ጣሳ አይደለም፣ ይላል አስናቀ በሆዱ፣ ጣሳ ቢሆንማ ምን ገዶኝ፣ የአየር ጠመንጃውን በሁለት እጁ ታቅፎ ቆሟል፣ ከፊቱ ባለጋሪው ቱሳ እጁን ዘርግቶ ስጠኝ ይለዋል፣ ከቱሳ ኋላ የቱሳ ፈረስ ዳማ ቦዩ ዳር ተጋድሟል፣ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች ወዲያ ዞሯል፣ ነጭ ነገር ይታያል፣ አጥንት ነው፣ አጥንት መሆኑን አስናቀ ያውቃል፣ ቢሆንም ነጭ ነገር ይለዋል። አንድ ባጃጅ ገጭቶት ሄደ። ጋሪው ተገልብጧል፣ የጫነው ገብስ አስፋልቱ ላይ ተዘርግፎ ሰው እየረገጠው ይቆማል፣ የአሰላ ሰው ደግሞ ለመቆም ማን ብሎት፣ ቆሞ ማየት ሲሆን ሥራ ፈት ሁሉ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

ስጠኝ እንጂ አስናቀ፣ ይላል ቱሳ፣ ዝሆን ይጥላል ስትል አልነበር?

ይኸው መጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ፣ የአስናቀ ራስም ተመልጧል አፉም አምልጧል፣ ሁለቱም ሳይታወቀው፣ እዚህ ጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ሸራ ወጥሮ ኢላማ ማስተኮስ ከጀመረ ወዲህ ሲጮህ የኖረው ይህንኑ ነው፣ ና ጎበዝ ና፣ ከረሜላ የመታ ከረሜላ ይበላል፣ ብስኩት የመታ ብስኩት፣ ዝሆን ይጥላል! ሰው ይስቃል፣ ስቆ ይመጣል፣ እንጀራ ነው፣ ማንም ዝሆን እየጎተተ አይመጣማ፣ አሰላ ላይ ዝሆን ከየት ተገኝቶ። ፈረስ ይመጣል ብሎ ማን አሰበ።

ዳማ አፍንጫውን ይነፋል፣ ይነሳል ሲሉት አይነሳም፣ አንገቱን ብድግ አድርጎ መልሶ ይጥለዋል፣ ራሱ መሬቱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው ከሁሉ የከፋው። የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ ተገኝቷል፣ ሩቅ ነኝ፣ ዲክሲስ ወረዳ ነኝ አለ፣ ብመጣም የማክምበት እንጂ የምገድልበት መድኃኒት የለኝም፣ እግሩ እንዲህ ከሆነ ደግሞ አይድንም አለ፣ እሱም ሰው ነው ምን ያድርግ። አንዱ ከሰው መሃል መጥረቢያ ሲል ተሰማ፣ ቱሳ ዞር ብሎ አየው፣ ከዚያ ወዲያ መጥረቢያ ያለ የለም። እንተወው እንዳይሉ ሲመሽ ጅቦቹ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ይወርዳሉ፣ እግሩ የተሰበረ ፈረስ ለጅብ ምንድነው፣ በቁሙ ነው የሚጀምሩት፣ ከኋላው ነው የሚጀምሩት፣ ይህንን አሰላ ላይ የማያውቅ የለም።

አንድ ጥይት ነበር የሚበቃው። አንድ የእውነት ጥይት።

የእውነቱ ጥይት ያለው ይስሃቅ ጋ ነው፣ ልጅ እግር ፖሊስ ነው፣ ከወሎ ተመድቦ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ክላሹን አንግቶ ከሰዉ ፈንጠር ብሎ ቆሟል፣ ሰዎቹ መጀመሪያ እሱን ለምነው ነበር፣ እኔ ጥይት በቁጥር ነው የተረከብኩት አለ፣ ከተማ መሃል መተኮስ ያስጠይቃል አለ፣ ቀጥሎ ሸራውን አየና ፊቱ ፈካ፣ ጋሽ አስናቀ አሉ አይደል እንዴ፣ እሳቸው ይገላግሉት። ጎሽ። በሰው እጅ እሾህ መንቀል። የሰዉ ሁሉ አንገት ወደ አስናቀ ዞረ፣ አሁንም እንደዞረ ነው።

ምንድነው ግን ይኼ ጠመንጃ፣ አስናቀ እንደ አዲስ ያየዋል፣ ባሩድ የለው፣ እሳት የለው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው አንድ ሞላ ነው፣ አፈሙዙን ሰብረህ ወደ ታች ስትስበው ሞላው ይጨመቃል፣ ቃታውን ስትነካው ሞላው ይፈታና አየሩን ይገፋል፣ አየሩ ጥይቷን ይገፋል፣ በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም፣ አንድ ክንድ የሰጠውን ነው የሚመልሰው፣ ያንንም ከፍሎ፣ ገሚሱን ሰበቃው በልቶበት። የአስናቀ ክንድ ደግሞ ምን ክንድ ነው። ይህ ፈረስ ከሳጉሬ ገበያ እህል ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ የኖረ ነው፣ የሱን ግንባር በአንድ የሰው ክንድ ጉልበት ልትከፍት። እሱም አዲስ ሞላ ቢሆን። ሞላው አርጅቷል፣ አዲስ ሳለ የቲማቲም ጣሳ ከወዲህ ገብቶ ከወዲያ ይወጣ ነበር፣ ዛሬ ከወዲህ ይገባና ውስጡ ይንኳኳል፣ ጠዋት ብርድ ሲሆንማ ያንኑም ይለግማል። ይህንን የሚያውቅ አስናቀ ብቻ ነው። ተኳሹ ኢላማውን ሲስት አስናቀ ምን ይላል፣ ጠመንጃውስ ደህና ነው ወንድሜ፣ እጅህ ነው።

እጅህ ነው።

እና ስጠው፣ ይላል አንዱ አስናቀ ሌላውን፣ ስጠው ይተኩስ፣ ካልሞተ እጅህ ነው ትለዋለህ፣ ስትንቀጠቀጥ ነበር ትለዋለህ፣ እውነትም ይንቀጠቀጣል፣ የቱሳ ጣቶች ከዚህ ይታያሉ፣ ማን ይፈርድብሃል፣ ስምህም ይተርፋል እንጀራህም ይተርፋል፣ ነገም ዝሆን ይጥላል ትላለህ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ቅልል ብሎ መምጣቱ ራሱ አስናቀን ያስደነግጠዋል፣ ወይ አንተ ሰው፣ እንዲህም ነህ ለካ።

ጥይቶቹን በኪሱ ይዳብሳል። ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ቀላሎቹ አናታቸው ጠፍጣፋ ነው፣ እነሱ ለወረቀት ናቸው፣ ፈጥነው ይወጣሉ ቶሎ ይደክማሉ፣ አጥንት ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነው የሚለጠፉት፣ ከባዶቹ ደግሞ ሹል ናቸው፣ ወገባቸው ቀጠን ያለ፣ ከኋላ እንደ ቀሚስ ሰፋ ያሉ፣ ቀሚሱ ነው አየሩን ይዞ አፈሙዙን ሞልቶ የሚሄደው፣ ከባዷ ብዙ መንገድ ጉልበቷን አትጥልም፣ ያ እውነት ነው፣ ግን መጀመሪያ ጉልበት ሰጥተው ለሚሰዷት ነው፣ በዚህ በደከመ ሞላ ከባዷ ስትወጣ እንደ ሽማግሌ ነው የምትወጣው። አስጠግቼ ብተኩስስ፣ ግንባሩ ላይ ደግፌ፣ መንገድ ላይ የሚባክን የለም፣ ይቺ ሹሏ ቆዳውን ትገባለች፣ ሥጋውን ትገባለች፣ ሥጋም የለ እዚያ ላይ፣ አጥንቱን ግማሽ ድረስ ብትገባ ነው፣ ከዚያ ትቆማለች። ግማሽ መንገድ። ዳማ አይሞትም፣ ግንባሩ ውስጥ እርሳስ ይዞ በሦስት እግሩ ተነስቶ ሰዉ መሃል ይገባል፣ ወይ አይነሳም ይጮኻል፣ ፈረስ ሲጮህ ሰምተህ ታውቃለህ አስናቀ፣ እንግዲህ ደግመህ አፈሙዙን ስበር፣ ጥይት አጉርስ፣ ደግመህ፣ ደግመህ፣ ሰው እያየ።

ሞክሮት ያውቃል እኮ፣ በፈረስ አይደለም፣ የፋሲካውን በግ ራስ ቅል ጓሮ አስቀምጦ ሹሏን ሰደደበት፣ ጫር አድርጋው ተለጠፈች፣ ሚስቱ በቀለች ቅሉን አንስታ አገላብጣ አይታ፣ ይኸው ነው ዝሆን ገዳይህ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የበግ ነው ያ። የበግ።

ጋሽ አስናቀ አፈሙዙ ውስጥ ናፍጣ ጠብ ያድርጉበት እንጂ፣ የምትለው እታገኘሁ ናት፣ ሻይ ሻጯ፣ ፔርሙሷን በብብቷ እንደያዘች፣ ናፍጣ ሲገባበት ጉድ ነው አሉ፣ አሉ ነው፣ ይላል አስናቀ በሆዱ፣ አዎ ይጮኻል፣ ጭስ ይተፋል፣ ሰው ጆሮውን ይይዛል፣ አንዴ ይጨምራል አንዴ ያጎድላል፣ የውስጡን ጎማ ይበላል እንጂ በሱ ጉልበት ተማምነህ ነፍስ አትነካም፣ ጩኸት ጉልበት ቢሆንማ ከኔ በላይ ጉልበተኛ አሰላ ላይ ማን ነበር። ይህንን ቢላት በወደደ።

ቱሳ እጁን አላጠፈም። አስናቀ፣ ይላል ቱሳ፣ አሁን ድምፁ ቀጥኗል፣ አየኸው አይደል፣ ሲመሽ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፣ ለአላህ ብለህ፣ እኔ አልችልም ካልክ እኔው እተኩሳለሁ፣ አንተ ብቻ የት እንደሆነ አሳየኝ። እንደሱ ሲለው ነው አስናቀ የሚገባው፣ አምኖታል ይሄ ሰው፣ ስንት ዓመት እዚህ ጋሪ ማቆሚያ ጎን ለጎን ሲውሉ ያንን ሁሉ ጩኸት እየሰማ አምኖት ነው የኖረው፣ አይ ቱሳ፣ ቀልድ ነው ብሎ የነገረውም የለ፣ ሰው የሚስቀው አውቆ መስሎኝ፣ እሱ ለካ ሲስቅም እያመነ ነው።

ዳማ ዓይኑን ያዞራል። ትልቅ ዓይን፣ ጥቁር፣ ሰዉ ሁሉ ውስጡ ቆሟል፣ ሸራውም፣ አስናቀም ከነጠመንጃው ትንሽዬ ሆኖ።

አይገድልም፣ ይላል አስናቀ።

ማል ጄታ፣ ይላል ቱሳ፣ ምን አልክ?

አይገድልም ቱሳ፣ አይበሳውም፣ ያሰቃየዋል እንጂ አይገድለውም፣ ጠመንጃዬ አቅም የለውም። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ከሚጮኸው ጩኸት ሁሉ ይልቅ ይህ የተሰማ ይመስለዋል፣ ቀድማ የተናገረችው እታገኘሁ ነች፣ ውይ ጋሽ አስናቀ፣ ታዲያ ዝሆኑስ? አንዱ ፍርስ አለ፣ ሌላውም ተከተለው፣ ሳቁ ቦዩን ተሻግሮ ሄደ፣ ፊቱ ይግላል፣ ጆሮው ይግላል፣ አሁን ምን ሊል ነው፣ ይሳቁ፣ ዝሆን ቀርቶ እርግብም በመከራ ነው፣ ይላል ጮክ ብሎ፣ እርግብም ከቀረበች፣ ለእንጀራ ብዬ ነው የምለው፣ እወቁት። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። አያስቅማ።

ቱሳ እጁን ቀስ አድርጎ ያወርዳል። አይቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር፣ መሬት መሬት እያየ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሰው መውጫ በር ነው ብሎ የገፋው ግድግዳ ሲሆንበት እንዲያ ነው የሚሆነው። እና ከዚያ በኋላ የሆነውን አስናቀ አልጠበቀውም፣ የሰዉ አንገት ይዞራል፣ አንድ በአንድ፣ ከሱ ላይ ተነስቶ ወደዚያ ወደ ክላሹ፣ አሁን ሌላ የሚታይ የለማ፣ የአስናቀ ጠመንጃ ይገድላል ሲባል ይስሃቅ ከኋላው ተጠልሎ ነበር፣ መጠለያው ፈረሰ፣ ልጁ ብቻውን ቀረ።

እኔን አትዩኝ፣ ይላል ይስሃቅ፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ጋሼ ነገርኩዎት እኮ፣ ይጠይቁኛል።

ይጠይቁህ ልጄ፣ ይላል አስናቀ፣ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ያየሁትን እናገራለሁ፣ የኔ እንደማይሠራ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ያለው ያንተ ነው።

ይመሰክራሉ?

አዎ።

ይስሃቅ ወደ ፈረሱ ያያል፣ ወደ ባሕር ዛፉ ያያል፣ ፀሐዩ ገና ባይጠልቅም ማዘንበሉ ይታወቃል፣ የክላሹን ማንገቻ ከትከሻው ያወርዳል፣ እጁ የልጅ እጅ መሆኑ አሁን ነው የሚታየው፣ ገድሎ አያውቅም ይሄ ልጅ፣ አስናቀ ይገባዋል፣ የቁጥሩ ነገር እውነት ነው፣ ግን የቁጥሩ ነገር ብቻ አልነበረም። ዞር በሉ፣ ሁላችሁም ከኋላችን፣ አስፋልቱ በኩል ማንም አይቁም፣ ጥይት ይነጥራል፣ ይላል አስናቀ፣ ይህንንስ ያውቃል፣ ይህ እንኳ የሥራው ነው፣ እታገኘሁን በትከሻዋ ይዞ ይገፋታል፣ ከፈረሱ ኋላ ያለው የቦዩ አፈር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ይውጠዋል። እዚህ ጋ ይስሃቅ፣ ከዓይኖቹ መሃል አይደለም፣ ትንሽ ከፍ፣ ወደ አንገቱ አዘቅዝቀህ፣ ተጠጋ፣ ግን አታስነካው። ድምፁ የራሱ አይመስለውም፣ አይጮኽም።

ቱሳ ተንበርክኳል። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ የዳማን ዓይን ይሸፍናል፣ ጆሮው ሥር ያክለታል፣ ጃባዱ ይለዋል፣ በርታ ማለቱ ነው፣ የጭላሎን ዳገት ሲወጡ የሚለው ይሆናል፣ ሌላ ብዙም ይለዋል፣ አስናቀ ኦሮሚኛውን አጥርቶ ይሰማል፣ ግን አልሰማም ይላል፣ ለሰው ጆሮ አይደለም የተነገረው። ተነስ ቱሳ። ትንሽ ቆይ፣ ይላል ቱሳ። ቱሳ በቃ ተነስ። አስናቀ ከብብቱ ይዞ ያነሳዋል፣ ሽማግሌው ቀሎታል፣ አንድ እጁ ገና ወደ ፈረሱ ተዘርግቷል።

ተኩሱ ተሰማ።

ይህ ነው እንግዲህ፣ ደረት ውስጥ ነው የሚመታው፣ ቆርቆሮው ሁሉ መለሰው፣ እርግቦች ከየጣራው ተነሱ፣ ባለጋሪዎቹ ሌሎቹን ፈረሶች ልጓማቸውን ይዘው ይታገላሉ፣ ዳማ ግን፣ ዳማ አንዴ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ከራሱ ጀምሮ እስከ ጭራው፣ ከዚያ እግሩ እንኳ ደህና መሰለ፣ ወዲያ የዞረው እግር ሳይቀር ተኝቶ የዞረ መሰለ። ይስሃቅ የጥይቱን ቀለህ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ በእጁ ይዞ ያየዋል፣ ትኩስ ሳይሆን አይቀርም፣ አይጥለውም። ጉልበት። ስሙን ስትጠራው ስንት ዘመን፣ ፊቱን ያየኸው ዛሬ፣ እና ምኑ ያኮራል፣ ምኑም፣ አስናቀ የቱሳን ክንድ የያዘው ቱሳን ለመደገፍ ይሁን ራሱ እንዳይወድቅ አያውቅም።

ሰዉ ገብሱን እየዘለለ ይበተናል። እታገኘሁ ሻይ ቀድታ መጥታለች፣ ሁለት ብርጭቆ። ቱሳ አይጠጣም፣ ፎጣውን ያያል፣ ፎጣው ከዳማ ዓይን ላይ አልወረደም፣ ከዚያ ፊቱን ወደ አስናቀ ያዞራል፣ ወደ ይስሃቅ አይደለም፣ ወደ አስናቀ፣ ስለ ጥይት የሚያውቅ ሰው አሁንም እሱ ይመስለዋል፣ አይ ቱሳ።

አልተሰማውም፣ አይደል?

አልተሰማውም፣ ይላል አስናቀ።

ቶሎ ነው ያለው፣ ሳያስብ፣ ካለ በኋላ ነው የሚያስበው፣ ምን አውቃለሁ፣ ማን ሞቶ ነገረኝ፣ ሞላ እንጂ ሞት አውቃለሁ ወይ፣ ያ መንቀጥቀጥ ምን ነበር ቢለኝ ምን እለዋለሁ፣ ቱሳ ግን አይለውም፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠብቃል፣ እንባው ወደ ሪዙ ወርዷል፣ ደግሞ እንዲነግረው ነው የሚጠብቀው።

ምንም አልተሰማው ቱሳ፣ ይላል አስናቀ፣ ምንም።