የመጀመሪያው መስመር

«ጤና ጣቢያው የእብድ ማጎሪያ ሊሆን ነው አሉ።»

እትዬ ትሩፋት ይህን ወሬ ሰኞ ጉልት ላይ አወሩት፤ ረቡዕ ለቅሶ ቤት ደገሙት፤ ቅዳሜ ገላኔ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ቆመው ሲሰልሱት እብዶቹ በሁለት አውቶቡስ ከጎፋ ተጭነው ይመጡ ነበር።

«ማን አለ፣ እትዬ?» አለች ገላኔ ከማሽኑ ቀና ሳትል።

«ሰዉ ነዋ!»

«ሰዉ ደግሞ ከእርስዎ ነው የሰማው።»

«ይህ አፍሽ ባል ያሳጣሻል!»

ገላኔ ለጤና ጣቢያው ወረዳውን የጠየቀችው አንድ ነርስ፣ አንድ ክፍልና በየወሩ የሚወጋ መርፌ ነው። ወንድሟ ቦንሳ መርፌው ካለፈው ለእሱ ብቻ የሚሰሙት ድምፆች ይመለሱበታል። መርፌው ያለው ግን በሁለት ታክሲ ከተማውን አቋርጦ ነው። መጋቢት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ሲደርሱ ቦንሳ ከታክሲው ዘሎ ወርዶ ሦስት ቀን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የታክሲ በር ሲከፈት ይንቀጠቀጣል። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ቅጹን ራሷ ተየበች። ስም፤ የቤት ቁጥር፤ «በቤትዎ የአእምሮ ሕመምተኛ አለ?»፤ ፊርማ። በመጀመሪያው መስመር ስሟን ጻፈችና ሦስተኛው ሳጥን ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ለወንድሟ ስትል ሰፈር ታስቸግራለች መባል አልፈለገችም። የምትሟገተው ለሕዝብ ነው። ቦንሳን የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም፤ እሷ ግን «የለም» ብላ ጻፈችና ገጹን ራሷ አባዛችው፤ መስመሯ በየቅጹ አናት ወጣ።

ሁለት ወር በር አንኳኳች። አንዱ ውሻ ፈታባት፣ አንዱ ማን እንደላካት ጠየቃት። እትዬ ትሩፋት ሳይቀሩ «የእኔ ልጅ ኖላዊስ ዱባይ ነው፤ ለሰው ብዬ ነው» እያሉ ፈረሙ። እግሯ አብጦ ሁለት መቶ ስድስት ፊርማ ይዛ ወረዳ ገባች።

የጤና ክፍሉ ባለሙያ አቶ ሙሴ ሦስተኛውን ሳጥን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱበት።

«ጎበዝ ነሽ፤ ግን ሁለት መቶ ስድስት ቤት ዞረሽ አንድ ታማሚ አላገኘሽም።»

«ሰው አፍሮ ነው።»

«እፍረትን በጀት ውስጥ በየት በኩል ላስገባው? አሥር ቤት እንኳ ‹አለ› ቢል ይዤው እከራከር ነበር።»

«እንደገና ላስሞላ?»

«የበጀት ጥያቄው ትናንት ገባ። ለከርሞ ይሁን።»

«ወንድሜ» ልትል አፏን ከፈተች። «የለም» የሚለው የገዛ እጇ ጽሑፍ ከገጹ አናት ላይ አፈጠጠባት። ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ቦንሳ በተረፉት ቅጾች መስኮቱን ለጥፎ ደፍኖታል። «እያዩኝ ነው» አላት። አልነቀለችውም። መጨቃጨቅም ጉልበት ይፈልጋል።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት እትዬ ትሩፋት ያለ ጃንጥላ መጡ። ደንበኛው እስኪወጣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ያ ወረቀት አለ?»

«አለቀ፣ እትዬ። ማጎሪያውም ቀርቷል፤ ደስ ይበልዎት።»

እትዬ ትሩፋት የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ኖላዊ ዱባይ አይደለም። ታሞ ጓዳ ነው ያለው፤ ከተደበቀ ስድስት ዓመቱ።»

ገላኔ ማሽኑን አጠፋች። «ታዲያ ለምን ‹የለም› ብለው ፈረሙ?»

«‹አለ› ልል ነበር እኮ። ቀና ስል ያንቺን መስመር አየሁ። ቦንሳን ቤቷ አስቀምጣ እሷ ‹የለም› ካለች፣ አንድ ነገር ብታውቅ ነው አልኩ። ልጄን ሊወስዱብኝ መሰለኝ። ሌሎቹም ያንቺን አይተው ነው የጻፉት።»

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ታማሚ ስላለን ጠበል የምንገናኘው ነን። እዚያ አንገት ለአንገት ተቃቅፈን እናለቅሳለን፤ እዚህ ስንተያይ ፊት እናዞራለን። ከፈረሙልሽ መሃል ብቻ አሥራ አራት ነን።»