ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው የምትይዘው ከተማ

ሞንቴልቬኖ የምትይዘው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው ይወጣል፤ የሚወጣ ከሌለ ማንም አይገባም። ልጅ ሲወለድ ከአዋቂዎቹ አንዱ ጓዙን ይዞ ይሄዳል። ሰው ሲሞት ደግሞ አንድ መንገደኛ እስኪገባ በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከተማዋ ያለችው በሰሜን ጣልያን፣ ሜዳው አልቆ ተራራው ከመጀመሩ በፊት ባለ ኮረብታ ላይ ነው። ግንቧ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ከወንዝ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ድንጋዮቹ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ ተጋድመው ተደርድረዋል። የጎብኚዎች መጽሐፍ ስሟን አይጠራም። አሁን ምክንያቱ ይገባኛል። ለጎብኚ የሚተርፍ ቦታ የላትም።

ስለ ከተማዋ የሰማሁት ቶሪኖ ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ገላቸውን የማጥባቸው አንዲት አሮጊት፣ "የእኛን አገር ግንብ ማንም መጥቶ አያየውም፤ ያሳዝናል" ይሉኝ ነበር። አባቴ፣ አቶ ባይለየኝ፣ ከደብረ ታቦር ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነገሩ ትዝ አለኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ሱቅ መዞር አይወድም፣ ፎቶ መነሳት አይወድም፤ የሚወደው አሮጌ ካብና የመሬት ተዳፋት ነው። ሦስት ሳምንት አብሮኝ ሲቆይ ያወራነው ስለ ምግብና ስለ ብርዱ ብቻ ነበር። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ያኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላልደረሰ ለቀብሯ አልሄድኩም። እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት። ማክሰኞ ሊሄድ፣ እሑድ ጠዋት የጓደኛዬን መኪና ተውሼ ይዤው ወጣሁ።

የከተማዋ በር ላይ ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ወንበር አውጥታ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ኢልዴ ትባላለች፤ በረኛዋ እሷ ናት።

"ስንት ናችሁ?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"ዛሬ መውጣት የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ተመካከሩ።"

ለአባቴ ተረጎምኩለት። "አንቺ ግቢ" አለኝ።

"ተው እንጂ አባዬ። የመጣነው ላንተ ነው። እኔ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።"

ኢልዴ ፊቷን ወደ ውስጥ መልሳ ተጣራች። ለሰርግ የሚለበስ ዓይነት ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ መጡ። ኦሬስቴ ይባላሉ። ተራ ሲጠብቁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸው በውስጥ፣ አባቴ በውጭ፣ በበሩ ደፍ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ኢልዴ "አሁን" ስትል አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ። ሲተላለፉ አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳቸው።

"እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመለሱ" አለቻቸው ኢልዴ።

"እሺ" አሉ።

እስከዚያ የምሠራው ስላልነበረኝ፣ ሽማግሌውን ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው።

"ወደ ሩዝ ማሳው" አሉ። "በዚህ ወር ሜዳው ሁሉ ላይ ውኃ ይለቁበታል። በወጣትነቴ እዚያ ነበር የምሠራው።"

"ላድርስዎ።"

በአርባ ደቂቃ ወረድን። ሜዳው እንዳሉት ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ውኃ ነው፤ ውኃው ላይ ደግሞ ደመናው ሁሉ ተኝቷል። ኦሬስቴ ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን አጥፈው ጫማው ውስጥ ከተቱ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ። ከዚያም ሁለቱን ማሳ በሚለየው የአፈር ድንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውኃው ውስጥ አስገቡ። ለአራት ሰዓት ያህል ከተቀመጡበት አልተነሱም። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ብርቱካን እየላጥኩ በላሁ።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን አጠገባቸው ሄድኩ። "እንሂድ" አልኳቸው።

"አልሄድም" አሉ።

"አባቴ እኮ እዚያ ነው።"

"አይቻቸዋለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው። ሰዉ ይወዳቸዋል።"

"ማክሰኞ በረራ አለው።"

"እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ልጄ።"

ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኩ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ግን ንቅንቅ አላሉም። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መሐረባቸውን ሰጡኝ። እህታቸው ከማሳው ማዶ እንደምትኖር፣ ትርፍ አልጋም እንዳላት ነገሩኝ። መሐረቡን መመለስ እንደማያስፈልገኝም ነገሩኝ።

ሞንቴልቬኖ ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

"ሰውዬውስ?" አለኝ።

"አልመለስም አሉ።"

"ውኃው ጥሩ ነበር?"

"ጥሩ ነበር።"

"እንግዲያ አይፈረድባቸውም።"

ከዚያ ሊወጣ ሞከረ። ደፉን ተሻገረ፤ ነገር ግን ወደ እኔ አልደረሰም። ጥቂት ቆይቶ ከከተማዋ ታችኛው ጫፍ፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ በኩል ሽቅብ ሲመጣ አየሁት። ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ በገንዳው በኩል ተመለሰ። በአራተኛው ቆም አለና መንገዱን በእርምጃው ለካ።

"ከበሩ እስከ ገንዳው መቶ ስድሳ አራት እርምጃ ነው" አለኝ እየተነፈሰ። "በዚህኛው በኩል ግን አንድ እርምጃ። ይኼን ካርታ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም።" ፊቱ ላይ ካየሁት ብዙ ጊዜ የሆነው ደስታ ነበረበት።

"እኔ ልግባና አንተ ውጣ።"

"አንቺ ሥራ አለሽ።"

"አንተስ?"

"እኔ ምን አለኝ?" አለ። የቁጣ አልነበረም፤ በእውነት እየጠየቀኝ ነበር።

በኦሬስቴ ቤት አደረ። ቤቱ ከአንድ አልጋ፣ ከአምስት ጥንቸሎችና የደወል ማማውን ሰዓት በየሳምንቱ ከመሙላት ሥራ ጋር ነው የሚሰጠው። ኢልዴ ይህን ሁሉ በዝርዝር ነገረችኝ፤ ቁልፉንም ለአባቴ አስረከበችው።

አውሮፕላኑ ማክሰኞ ሄደ። የአባቴ ቪዛ ሊያልቅ ስለነበር ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው የከተማዋን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈልጎ አጣው።

"ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጣልያን ውስጥ አይደለም" አለኝ። "ስለዚህ አባትሽ ከአገር ወጥተዋል ማለት ነው። ምንም ችግር የለም።"

ከዚያ በኋላ ረቡዕና እሑድ እመላለስ ጀመር። መጀመሪያ ወደ ማሳው እወርዳለሁ። ኦሬስቴ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኔም ሰላም ብያቸው እመለሳለሁ። ከዚያ ወደ ሞንቴልቬኖ እወጣለሁ። አባቴ ከውስጥ ወንበር ያመጣል፣ እኔ ከውጭ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ መካከላችን ደፉ ነው። ዕቃ ስለማይቆጠር በርበሬና ሽሮ አቀብለዋለሁ፣ እሱ አይብ ያቀብለኛል። ጥንቸሎቹን ለአምስቱም ስም አውጥቶላቸዋል።

"ከማን ጋር ታወራለህ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ከሁሉም ጋር።"

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ ነዋ። ይገባቸዋል።"

ኢልዴን ጠየቅኳት። "በጣም ግልጽ አድርገው ነው የሚናገሩት" አለችኝ።

እውነትም ተናጋሪ ሆኗል። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ወይን እንደኮመጠጠ ይነግረኛል። እየሳቀ ጭኑን ይመታል። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ግን ወንበሩን ወደ ደፉ አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እናትሽ ልትሞት ሰሞን፣ ደጃችን ባጃጅ በቆመ ቁጥር 'ሰናይት ናት፤ ክፈትላት' ትለኝ ነበር። እኔም እየተነሳሁ እከፍት ነበር።"

ያመጣሁለትን ሽሮ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

"በቀን አሥር ጊዜ። አንድም ቀን 'አይደለችም' ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። በመጨረሻው ቀን ከፍቼ ስመለስ፣ 'ገባች?' አለችኝ። 'አዎ፣ ገብታለች' አልኳት።"

"አመነችህ?"

"እጇን ዘረጋች። እኔ ያዝኩት።"

ማልቀስ ስጀምር አባቴ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ክንዱ ደፉ ጋ ሲደርስ እስከ አንጓው ድረስ ጠፋ። ወዲያው ከገንዳው በኩል የሴት ጩኸት ተሰማ።

"ይቅርታ በያት" አለኝ እጁን እየሰበሰበ። መዳፉ እርጥብ ነበር፤ ሳሙናም ነበረበት።

በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል የቤቴ ደወል ተደወለ። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል።

"አባዬ! ማን ገባልህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ እንዴት ወጣህ?"

"በበሩ" አለኝ።

ገብቶ ተቀመጠ። እንቁላል ጠበስኩለት። ዳቦው ጥሩ መሆኑን፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ እንደማይለቅ ነገረኝ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው መጀመሪያ ሲመጣ የነበረው ዝምታ ነው።

"ስለ ባጃጁ የነገርከኝን ሳስብ ነው የሰነበትኩት" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "የቱ ባጃጅ?"

"እናቴ የምትሰማው። በር የምትከፍትላት።"

"እንዲህ ዓይነት ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም" አለና ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ነገሩ አልተደረገም ግን አላለም።

ስለ ጥንቸሎቹ ጠየቅኩት። ጥንቸል አላውቅም አለኝ። እጁን ያዝኩት፤ የአባቴ እጅ ነው፣ የቀያሽ ገመድ አውራ ጣቱ ላይ ያወጣው ጠባሳ በቦታው አለ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። በሥራ ቦታ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አዲስ ትኬትም ቆረጥኩለት።

ከመሄዱ በፊት በነበረው እሑድ በመኪና ወሰድኩት። መጀመሪያ በማሳው በኩል አለፍን። ኦሬስቴ እዚያው ናቸው። ሩዙ ከውኃው በላይ ብቅ ብሏል፤ እሳቸው መካከሉ ቆመው አረም ያወጣሉ። ኮረብታውን ስንወጣ አባቴ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናውን ከበሩ ራቅ አድርጌ አቆምኩና ብቻዬን ሄድኩ።

ኢልዴ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ትቀባ ነበር።

"አሁን ስንት ሰው አላችሁ?" አልኳት።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።"

"አባቴ ግን ይኸው መኪናው ውስጥ ነው።"

ዓይኗን ከፀሐዩ በእጇ ከልላ ወደ መኪናው አየች። "ደህና ናቸው?"

"ደህና ነው።"

"እዚህም ደህና ናቸው" አለች። "ማማው ላይ ናቸው፤ ሰዓቱን እየሞሉ ነው። ልጥራልሽ?"

እንድትጠራልኝ ፈለግሁ። ያልጨረሰልኝ ወሬ አለ፤ የእናቴን እጅ ከያዘ በኋላ የሆነውን አልነገረኝም። ዞር ብዬ መኪናውን አየሁ። ውስጡ ያለው አባቴ ነቅቶ ራሱን ብቻውን ቢያገኘው ምን ይሰማዋል ብዬ አሰብኩ። መንገዱን አያውቀውም፤ ቋንቋውንም አይችልም።

"ሌላ ጊዜ" አልኳት።

"እንዳልሽ" አለችና ዘይቷን መቀባት ቀጠለች።

መኪናውን አስነስቼ ቀስ ብዬ ቁልቁል ነዳሁ። አባቴ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እንደተኛ ነው። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ ግንቡ ከበላዬ ታየኝ። ግንቡ ላይ አባቴ ቆሟል፤ እጅጌውን ሰብስቧል፣ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኙ ቆመው አንድ ነገር እየነገሩት ይስቃል። መኪናዬን አወቃት። ክንዱን ወደ ላይ አነሳ።

ቆምኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እጄን አውጥቼ አውለበለብኩ።

እሱም ሁለት እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ተጣራ። አፉ ሲከፈት አየሁት። ከግንቡ በኩል ግን ምንም ድምፅ አልመጣም። አጠገቤ አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ከማዶ ኮረብታ ሰው እንደሚጠራ ሰው በሙሉ ድምፁ፣ "ደህና ግቢ፣ ሰናይት!" አለ።